የተፈራ እጆች

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ዛሬ መርካቶ፣ ሸክላ ተራ፣ ጓደኛዬ ተፈራ ሰው ሊገድል ነበር። ድሮ በፊልም ክፉ ሰው ሆኖ ይሠራ ነበር፤ አሁን ጀበናና ድስት እየሠራ ይሸጣል። ቆመን ስናወራ አንድ ደንበኛው ዱላ ይዞ መጣ። ባለፈው ይዞት የመጣው ልጁ ታሞበታል።

"አንተ ቡዳ! ልጄን በላህብኝ!" ብሎ የተደረደረውን ጀበና አደቀቀው። ተፈራ ጭቃ በነካው እጁ ዘሎ አንገቱን አነቀው።

ሰው ተሰበሰበ። "ጋሼ፣ ያቺን የፊልም ሳቅዎንም ይጨምሩበት እንጂ!" አለ አንድ ተሸካሚ። ሌሎቹ በስልክ እየቀረጹ አጨበጨቡ። እኔም ሊያስፈራራው መስሎኝ ቆሜ አየሁ። የሰውየው ዓይን ሲገለበጥ ነው የባነንኩት። የተፈራን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቅኩ።

ሰውየው እያሳለ፣ "ከወንድሞቼ ጋር እመለሳለሁ" ብሎ ሄደ። አንገቱ ላይ የተፈራ ጣቶች ጭቃ ታትሟል።

ተፈራ ስብርባሪው መሐል ተቀመጠ።

"ምን ነካህ?" አልኩት።

"ፊልም ላይ ሁልጊዜ 'ከት!' ብሎ የሚያስቆመኝ ሰው ነበር" አለኝ። "ዛሬ አንተን ስጠብቅ ነበር።"

ነገ ሱቁን ሳይከፍት መድረስ አለብኝ።