ከአንድ ብልቃጥ ያረገዝን ሃያ ሰባት ተማሪዎች

ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ወላይታ ሶዶ

ለክቡር የኮሌጃችን ዲን
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ መልካም ጤና እመኛለሁ፤ የምመኝልዎትም በኮሌጅዎ መዝገብ የሚጻፈውን ዓይነት ሳይሆን ሰው በገዛ ገላው የሚያውቀውን ዓይነት ጤና ነው። የእኔን ጤና የጠየቁኝ እንደሆነ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ በደረሰኝ ደብዳቤ መሠረት ፅንስ ጨንግፎብኝ በዕረፍት ላይ እገኛለሁ። ዕድሜዬ አርባ ሰባት ነው። ወንድ ነኝ።

አራት ጊዜ በታሸገ ፖስታ አመልክቼ አራት ጊዜም «ጤናዎን ይጠብቁ» የሚል መልስ ስላገኘሁ፣ አምስተኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ስሜ ደገፉ ወልደመስቀል ይባላል። ከገሱባ ወዲያ በሚገኝ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ለአሥራ ስድስት ዓመት የላቦራቶሪ ስላይድ አጣቢ ነበርሁ። ሌሎች የሚያዩበትን መስታወት ሳጥብ ከኖርሁ በኋላ እኔም ልይበት ብዬ የላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት ልማር ወደ ኮሌጅዎ መጣሁ። ባለፈው ጥቅምት የጣቢያችን ባለሙያ ለቆ ሄዷል፤ ከዚያ ወዲህ ማይክሮስኮፑ እንደተሸፈነ ነው፤ ትኩሳት ይዞት የመጣ ሁሉ በግምት የወባ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ወባ ያልሆነበት ሰው ደግሞ ወይ በራሱ ይድናል ወይ አይድንም። እስከ ሰኔ መጨረሻ ባለሙያ ካልተገኘ ማይክሮስኮፑ ወደ ሌላ ወረዳ እንደሚዛወር የጣቢያው ኃላፊ ጽፈውልኛል። እንግዲህ ሰኞ ሰኔ 16 የሚሰጠው የብቃት ምዘና ለእኔ ይህን ያህል ነገር ነው፤ የተመዛኞችን ስም የሚያስተላልፈው ደግሞ የክቡርነትዎ ጽሕፈት ቤት ነው።

አቤቱታዬን፣ ይቅርታ ምስጋናዬን ለማለት ነው፣ እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ግንቦት 14 ቀን በተሰጠን የእርግዝና ምርመራ የተግባር ትምህርት ኮሌጁ ለሃያ ስምንት ተማሪዎች ሃያ ስምንት የመመርመሪያ ስትሪፕ በማቅረቡ አመሰግናለሁ፤ በትምህርት ዘመናችን የሰውና የዕቃ ቁጥር እኩል የሆነው ያን ቀን ብቻ ነበር። የጎደለው እርግዝና ነው። ሁለት መስመር፣ ማለትም እርግዝና፣ የሚያሳይ ናሙና ግዢ ክፍል ስላላቀረበ፣ መምህራችን እስራኤል «ሁለት መስመር በዓይኑ ያላየ ቴክኒሻን ቴክኒሻን ነው አልልም» ብለው ወደ ፈጠነች ዞሩ። ፈጠነች ከተበላ ከተማ የመጣች፣ ባለትዳር፣ ያኔ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር የነበረች የክፍላችን ተማሪ ናት። ሳትግደረደር ወጥታ አንድ ብልቃጥ ሽንት ይዛልን ተመለሰች። ሃያ ሰባታችን ተሰልፈን ስትሪፓችንን ከዚያው ብልቃጥ ነከርን፤ ሃያ ሰባታችንም ሁለት መስመር አየን። እርሷ ደግሞ ኔጌቲቭ ውጤት ምን እንደሚመስል እንድታሳየን የራሷን ስትሪፕ በቧንቧ ውኃ ነከረች። አንድ መስመር። ትምህርቱ በእውነት የተዋጣ ነበር።

ውጤቱን የምንመዘግብበት ደብተር ስላልነበረ የተማሪዎች ክሊኒክ መዝገብ ተዋስን። መዝገቡ ላይ ያለው የስም ዓምድ አንድ ብቻ ነው። ማርክ የሚሰጠው በስም ስለሆነ ሁላችንም የየራሳችንን ስም ጻፍን፤ ሃያ ሰባት ጊዜ «ፈጠነች» ብለን ብንጽፍ ማርኩን ሁሉ የምትወስደው እርሷ ነበረች። በተራ ቁጥር 19 ላይ «ደገፉ ወልደመስቀል፣ ሽንት፣ ፖዘቲቭ» የሚለውን የጻፍሁት በገዛ እጄ መሆኑን አልክድም። ፊርማዬም አለበት።

2ኛ. መዝገቡ በየመንፈቁ ለተማሪዎች ጤና ሪፖርት ወደ ሬጅስትራር የሚሄድ መሆኑን አናውቅም ነበር። ግንቦት 25 ቀን ጠዋት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሃያ ሰባት ነፍሰ ጡሮች ስም ተለጥፎ አገኘን፤ አሥራ አምስቱ ወንዶች ነን። በደንቡ አንቀጽ 14 መሠረት ለራሳችንና ለፅንሳችን ደኅንነት ሲባል እስክንወልድ ድረስ ላቦራቶሪ እንዳንገባ፣ በላቦራቶሪ የሚሰጥ ምዘናም እንዳንወስድ ተከልክለናል። ለማይኖር ልጅ እንዲህ የሚጨነቅ ኮሌጅ በሌላ አገር አለ ብዬ አላስብም።

ሃይማኖት የምትባለው የክፍላችን ተማሪ አባት ወሬው በስልክ ደርሷቸው በማለዳ ሚኒባስ መጡ። ልጃቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አላገባችም። ከዘራቸውን ይዘው ሰሌዳው ፊት ቆሙና በጣታቸው ወደ ታች እየቆጠሩ ስሟን በተራ ቁጥር 20 ላይ አገኙት። ከርሷ በላይ ያለውን ስም አንብበው «ይኼ ደገፉ የሚባለው ማን ነው?» ብለው ጮኹ። ወጥቼ ቆምሁላቸው። ጢሜን፣ ሽበቴን፣ ቦቲ ጫማዬን አዩ፤ ከዘራቸውንም ወደ ብብታቸው መለሱ። «በል ማርያም በሽልም ታውጣህ» ብለውኝ ሄዱ። አንዲት ልጅ በእኔ እርግዝና ምክንያት ከዱላ ስለዳነች በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

3ኛ. የሬጅስትራር ኃላፊዋ ወይዘሮ ሸዋነሽ በጨዋነት ተቀብለው ወንበር ስለሰጡኝ፣ መስኮቱንም ንፋስ እንዳይመታኝ ስለዘጉልኝ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ወንድ መሆኔን ሳስረዳቸው «ጋሼ ደገፉ፣ እኔ የማየው ውጤት ነው፤ ጾታ የሚያይ ሌላ ክፍል ነው» አሉኝ። አራት ልጆች እንዳሉኝ ብነግራቸው «አዎ፣ ፋይልዎ ላይ አለ፤ ታዲያ እኮ ልምድ አለዎት» ብለው አጽናኑኝ። ስሕተቱ የሚታረመው የኮሌጁ ላቦራቶሪ በሚሰጠው አዲስ ውጤት ብቻ እንደሆነም ነገሩኝ።

ወዲያው ወደ ላቦራቶሪው ሄድሁ። በር ላይ ጥበቃው አቤ ስማችን ያለበትን ዝርዝር ይዞ ቆሟል። «ጋሼ፣ ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው፤ ውስጥ ፎርማሊን የሚባል ኬሚካል አለ» አለና የሚቀመጥበትን ወንበር ለቆልኝ እርሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እርጉዝ አለመሆኔን ለማስመርመር እርጉዝ የማይገባበት ክፍል መግባት ነበረብኝ። ይህን ነገር ክቡርነትዎ በጥሞና ቢያስቡበት ደስ ይለኛል፤ እኔ በአቤ ወንበር ላይ ሦስት ቀን ተቀምጬ አስቤዋለሁ።

4ኛ. በአራተኛው ቀን አንድ የግል ክሊኒክ ሄድሁ። የላቦራቶሪ ቴክኒሻኗ መሲ ምን እንደምፈልግ ስትሰማ «አባቴ፣ ለባለቤትዎ ከሆነ እርሳቸው ራሳቸው ይምጡ» አለችኝ። ለእኔ ነው ስላት ከበሩ ኋላ በስልክ የሚቀርጻት ሰው ይኖር እንደሆነ ወጥታ አየች። ይዤው የሄድሁትን የሰሌዳውን ማስታወቂያ ቅጂ ካነበበች በኋላ ግን ስሜን ሁለቴ ጠየቀች፤ ብልቃጡ ላይ በፊቴ ጻፈች፤ ናሙናው የራሴ መሆኑን አረጋገጠች፤ ከዚያ መረመረች። አንድ መስመር ወጣ። «እንኳን ደስ ያለዎት ልበል ወይስ አይዞዎት?» አለችና ወረቀቱን ማኅተም አድርጋ ሰጠችኝ። ሦስት ዓመት ስማር ናሙና ከባለቤቱ ጋር ሲመሳከር ያየሁት እዚያ ነው።

ወረቀቱን ለኮሌጁ አስገባሁ። ሰኔ 4 ቀን የደረሰኝን የጤና ኮሚቴውን ውሳኔ ደጋግሜ ስላነበብሁት በቃሌ ይዤዋለሁ፤ «የውጭ ተቋም ውጤት የኮሌጁን ውጤት ሊሽር አይችልም፤ ሊከተለው ግን ይችላል።» ስለዚህ ግንቦት 14 እርጉዝ የነበርሁ፣ ግንቦት 28 እርጉዝ ያልሆንሁ ተማሪ በመሆኔ፣ በመካከሉ ለደረሰብኝ ጉዳት ኮሌጁ የተሰማውን ሐዘን ገልጾ እስከ ሐምሌ 4 የሚቆይ የሠላሳ ቀን የማገገሚያ ዕረፍት ሰጥቶኛል።

ሐዘኑ በወረቀት ብቻ ባለመቅረቱም አመሰግናለሁ። ከተማሪዎች አገልግሎት ሁለት ሰዎች ስኳርና ዳቦ ይዘው ከተከራየሁበት ቤት ሊያጽናኑኝ መጡ። ባለቤቴ አገርነሽ ለገበያ ከገሱባ መጥታ ነበርና በሩን የከፈተችው እርሷ ናት። ጥቁር ለብሰው ስታያቸው «ማን ሞተ?» ብላ ደነገጠች። ነገሩን ዝግ ብለው አስረዷት። ወደ እኔ ዞራ «አራቱን እኔ ስወልድ ስኳር ይዞ የመጣ ኮሌጅ አላየሁም» አለችና ስኳሩን ተቀብላ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃ ባነሳሁ ቁጥር «ተው፣ ገና አልጠናህም» ትለኛለች፤ የሰፈሩ ባጃጅ ነጂዎችም ጉድጓድ ላይ ሲደርሱ ለእኔ ብለው ቀስ ይላሉ።

5ኛ. አሁን ወደ ፈጠነች ልመለስ። በመዝገብዎ መሠረት ከክፍሉ ያላረገዘችው እርሷ ብቻ ስለሆነች፣ ላቦራቶሪ የመግባት ፈቃድ ያላትም እርሷ ብቻ ነበረች። የሃያ ስምንት ተማሪ ቱቦና ስላይድ ለብቻዋ አጠበች። ኬሚካሉ ራሷን እያዞራት ፈቃድ ብትጠይቅ ወይዘሮ ሸዋነሽ በሆዷ ላይ አሻግረው መዝገቡን አይተው «ውጤትሽ እኮ ንጹሕ ነው እኅቴ» አሏት። ሰኔ 3 ቀን ማክሰኞ ከመታጠቢያው ገንዳ አጠገብ ምጥ ያዛት፤ በአቤ ትከሻ ተደግፋ ባጃጅ ላይ ወጣች፤ ሆስፒታልም ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱም ደኅና ናቸው።

የክፍል ጓደኞቼ ብልሆች ናቸው። እርግዝናችን ከእርሷ ብልቃጥ የመጣ ከሆነ ልጁም የመጣው ለሁላችን ነው አሉና የሕፃኗን የልደት ማስረጃ ከፈጠነች ለምነው ሃያ ስድስት ማመልከቻ አስገቡ። ኮሌጁም እንደወለዱ ቆጥሮ ተቀበላቸው። ወይዘሮ ሸዋነሽ ዋናውን ማስረጃ ፋይል አድርገው ሃያ ስድስቱን፣ አሥራ አራቱን ወንዶች ጨምሮ፣ አንድ በአንድ እየጨበጡ «እንኳን ማርያም ማረችህ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ በተመዛኞች ዝርዝር ውስጥ አስገቧቸው።

እኔ ሃያ ሰባተኛ ሆኜ ስቀርብ ግን ፋይሌን አገላብጠው በእውነተኛ ሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «የእርስዎ እኮ አልተወለደም ጋሼ» አሉኝ። ሳይመረመሩ የቀሩት ሁሉ በሰላም ተገላገሉ፤ ተመርምሬ እውነተኛ ውጤት ያመጣሁት እኔ ብቻ ዕረፍት ላይ ነኝ። ሰው ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራው ትክክለኛ ውጤት ለማግኘት ይመስለኝ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ወንድ መሆኔን እንዲያምኑልኝ አልልም፤ ያ የሌላ ክፍል ሥራ መሆኑ ተነግሮኛል። ሐዘኔን ግን ከሰኞ በፊት እንድጨርስ ቢፈቀድልኝ፣ ወይም ከሃያ ስድስቱ ጋር እንደወለድሁ ቢያዝልኝ እቀበላለሁ። ሁለቱም የማይቻል ከሆነ የጣቢያችን ማይክሮስኮፕ በካርቶን ሊታሸግ ስለሆነ፣ የት እንደሚላክ የሚጠቁም አንድ መስመር እንዲጽፉልኝ እለምናለሁ። አንድ መስመር ብቻ፤ ሁለት ከሆነ ሌላ ነገር እንዳይመጣብኝ እፈራለሁ።

ከማያልቅ አክብሮትና ገና ሃያ ሁለት ቀን ከሚቀረው ሐዘን ጋር፣

ተራ ቁጥር 19
ደገፉ ወልደመስቀል

በተጨማሪ፦ ትናንት ፈጠነች በስምንተኛ ቀኗ ሕፃኗን አዝላ ወደ ሬጅስትራር መጥታ ነበር፤ ከሰኔ 3 ጀምሮ ያለ በቂ ምክንያት ቀርታለች ተብላ ከምዘናው ተሰርዛለችና። መውለዷን ስትናገር ማስረጃ አምጪ ተባለች፤ ማስረጃው እዚያው ጠረጴዛ ላይ መሆኑን ብታሳይ «ይኼ የሌሎች ተማሪዎች ሰነድ ነው» ተባለች። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ሁለታችንም ላቦራቶሪው በር ላይ እንገኛለን፤ እኔ ሳላረግዝ የጨነገፈብኝ፣ እርሷ ሳታረግዝ የወለደችው። አቤ ሁለተኛ ወንበር እንዲያወጣ ይታዘዝልን።