የፒዮኒ ሥር

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 28፣ 2006

ካርቶኑ መጣ! ከካታሎግ ያዘዝኩት የፒዮኒ አበባ ሥር... ስንት ወር ጠበቅኩት። አንዱን ገና ከካርቶኑ ሳወጣው አይኑን ሰበርኩት። ሥሩ ላይ ያለችውን ሮዝ ቡቃያ አይን ይሏታል፤ እሷ ከሄደች አበባ የለም። ምን ያጣድፈኛል? ሁሉንም ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፌ ወደ ሥራ ሮጥኩ።

አማቴ አዴ ሲምቦ ዛሬም መስኮቱ ጋ። ከነቀምት አሜሪካ ከመጡ ወር አለፋቸው፤ ከእኔ ጋር ከሰላምታ አያልፉም። ባሌ ኤዶሳ «ቀስ ብላ ትለምድሻለች» ይላል። መቼ?

ዓርብ፣ 29

ባልዲው ውስጥ ሁለት ብቻ! ሌሎቹ ተቀቅለው፣ ተልጠው፣ በቅቤ ታሽተው ሳህን ላይ። አዴ ሲምቦ አንጮቴ መስሏቸው... ወለጋ ቀቅለው የሚበሉት ሥር። ልጮህ ስል እጄን ያዙ። «ልጄ እንኳን ያላሰበልኝን አንቺ አሰብሽልኝ።» አይናቸው እንባ አቀረረ። ስንተባተብ ጎረሱ። «አሜሪካ አንጮቴውንም መራራ አደረገው» አሉ። እኔንም ሊያጎርሱኝ ሲሉ ዓርብ ነው፣ ጾም ነው ብዬ አመለጥኩ። ሳህኑን አንስቼ፣ ጓዳ ገብቼ ወደ መርዝ መረጃ ስልክ ደወልኩ። «ሆዷን ሊቆርጣት ይችላል፣ ዎች አድርጊያት፣ ተከታተያት» አለችኝ ሐበሻዋ አስተርጓሚ።

ቅዳሜ፣ 30

«አዴ፣ ሆድዎ እንዴት ነው?» ስል ዋልኩ። ደህና ናቸው። ስለ እርሻቸው፣ ስለ ልጅነታቸው አወሩኝ፤ መረቁኝ። የማይገባኝ ምርቃት። አፈርኩ።

ኤዶሳን «አንተ ንገራቸው» ስለው «ኖ ዌይ፣ አንቺ ንገሪያት» ብሎ የሚነዳውን ታክሲ አስነስቶ ሄደ። ፈሪ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 2

የቀሩትን ልተክል ወጣሁ። አዴ ሲምቦ ረጅም እንጨት ይዘው ተከተሉኝ። የአንጮቴው ሐረግ ሊወጣበት! ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም።

«አዴ... አንጮቴ አይደለም። አበባ ነው። ለእርስዎም አላዘዝኩትም።»

እንጨቱን ተደግፈው አዩኝ።

«አበባሽን በልቼብሽ ነው እንግዲህ ስለ ሆዴ ስትጨነቂ የከረምሽው?»

ሳቁ። ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። «ኢንታላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለት ነው።

አንዱን እኔ ተከልኩ፣ አንዱን እሳቸው። መመሪያው አይኑን ሁለት ጣት አፈር ብቻ አልብሱት ይላል፤ ከጠለቀ አያብብም። እሳቸው ክንድ ሙሉ ቆፍረው ቀበሩት፣ በእግራቸውም ጠቀጠቁት።

መመሪያውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ሁለቱንም ውሃ አጠጣሁ።