ምንሽር የሚመስለው ጠመንጃ

ባሮክ፣

የመረጥከው ጠመንጃ ኦሃዮ ውስጥ ለአጋዘን አይፈቀድም። ሕጉን አነበብኩት። የሚፈቀደው ቀለሁ ከታች እስከ አፉ ቀጥ ያለ ጥይት ነው፤ ያንተው አንገቱ ጋ ይጠብባል። የአያታችንን ምንሽር ስለመሰለ ብቻ ጠመንጃ የሚመርጥ ሰው ካንተ በቀር አላየሁም።

ጋሼ ተፈሪ ልጃቸውን አቢጋኤልን ከመስጠታቸው በፊት እዚያ አደን ሊያወጡህ ነው። ሕገ ወጥ መሣሪያ ይዘህ አትሂድባቸው። ስትነሣ ደውልና ኦርደሩን ካንስል አድርግ፤ ቀለሁ ቀጥ ያለውን፣ ባለ 350ውን እዘዝ። እሱም እንደ ምንሽሩ በእጅ እየሳቡ የሚያቀባብሉት ነው፣ ግን ትከሻ ብዙ አይመታም።

ቅዳሜ ፌርፋክስ ምሳ ላይ፣ በአቢጋኤል ፊት፣ ትከሻህ ጠመንጃ አይችልም ብዬ የቀለድኩት…

ተወው። ትከሻህ ደህና ነው።

ምስር ወጥ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ዌስትውድ ያለኝ ክላስ ረፍዶብኛል። ተኝተሃልና፣ እንደ ሌላው ቀን ድርግም ሳላደርገው፣ በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጥቻለሁ።

ሥርጉት