«እንግዳ ነዎት?» ለሚለው ጥያቄ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የከተማችን ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የሐይቁ ዳር መንገድ ለሆቴሉ እንግዶች ብቻ እንዲሆን ስለወሰኑልን ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ጉልበትዎን ነጥዬ የምጠይቀው ያለ ነገር አይደለም፤ በዚህች ከተማ ጉልበቱ የከዳው ሰው ምን እንደሚገጥመው ከዚህ በታች ስለማስረዳ ነው። እኛ በእርስዎ አሳቢነት ሁላችንም ደህና ነን፤ እናቴ ብቻ ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ተሰብሯል።

ማንነቴን ለማጣራት እንዳይደክሙ ራሴን ላስተዋውቅ። ሆቴሉን ማረፊያ አድርገው ሐይቆቹን፣ በረዷማውን ተራራና ከሸለቆው ማዶ ያሉትን አሮጌ ከተሞች የሚጎበኙትን ሰዎች ጠዋት ጭኜ የምሄድ፣ ማታ የምመልስ የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ። ባልደረቦቼ «ማርሽ» ይሉኛል፤ ጠባዬ ቶሎ ስለሚቀያየር ነው አሉ። በአውቶቡሱ ጎን ላይ «ከዚህ ሁሉም ቅርብ ነው» የሚል የሆቴሉ መፈክር በትልቁ ተጽፏል። እውነትም ነው። ሆቴሉ ውስጥ ለተኛ ሰው ሐይቁ ከበረንዳው ሥር ነው፤ ወደ ተራራው በገመድ ተንጠልጥሎ የሚያወጣው የኬብል መኪናም ቁርሱን ሳይጨርስ ይደርስለታል። ከሆቴሉ አጥር ውጭ ለተወለደው ግን ጤና ጣቢያው እንኳ ራቀው፤ ለዚህም ነው ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቀርብ የተነሣሁት።

፩ኛ. ስለ አጥሩ። አጥሩ እጅግ ያምራል፤ እንጨቱ ተልጎ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ አበባ ተንጠልጥሎበታል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚባል ተረት ነበረን፤ ጽሕፈት ቤትዎ አሻሽሎልናል፤ ባለቤቱን ንቆ አጥሩን አቆመ። ደግሞስ ሳያማክሩን አደረጉት ማን ሊል ይችላል? ተቃውሞ ያለው እንዲያቀርብ የሚጠይቀው ማስታወቂያ እኮ ለአንድ ወር ሙሉ በሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ተለጥፎ ነበር። እርስዎም «ተቃውሞ አልቀረበም» ብለው ፈረሙ። አይዋሹም፤ እንግዶቹ አልተቃወሙም።

፪ኛ. በምትኩ ስለሰጡን መንገድ። በካርታችሁ ላይ «ውብ የእግር ጉዞ መስመር» ተብሎ ተሰይሟል። ጋራውን በእንጨት ደረጃ ወጥቶ፣ በዚያኛው ጎን ወርዶ፣ ከሐይቁ ወዲያኛው ጫፍ ካለው ጤና ጣቢያ ያደርሳል። ውበቱን አልክድም። ውርጭ ሲመታው እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል። በደህና ጊዜ ከብት ነጂው እንኳ የሚሸሸውን ይህን ደረጃ፣ የደም ግፊት መድኃኒቷን ለማምጣት ለምትመላለስ ባለከዘራ አሮጊት መመደብ ትልቅ አርቆ አሳቢነት ይጠይቃል።

፫ኛ. ወደ ዋናው ጉዳይ መጣሁ። የመጀመሪያው ውርጭ በጣለ ጠዋት እናቴ እንደ ልማዷ በሜዳው፣ በሐይቁ ዳር ልትሄድ ከአዲሱ በር ደረሰች። ጠባቂው ከሌላ ከተማ የመጣ ጨዋ ሰው ነው። ባርኔጣውን አንሥቶ «እማማ፣ እንግዳ ነዎት?» አላት።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ቃል በቋንቋችን ሁለት ፊት አለው፤ ተጋብዞ የመጣውም እንግዳ ነው፣ ማንም የማያውቀውም እንግዳ ነው። ጠባቂው አንደኛውን ጠየቀ፣ እናቴ ሌላኛውን ሰማች። ክብሯ ተነካ። ከዘራዋን መሬት ላይ መታ አድርጋ «ምን ሲደረግ! እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ወልጄ፣ በየት በኩል ነው እንግዳ የምሆነው?» አለችው።

«እንግዲያውስ ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፣ በዚህ ማለፍ አይችሉም» አላት።

እሷም ያልገባው መስሏት አስረዳችው። ቤቷን በጣቷ አሳየችው። ጀልባ ሠሪው አባቴ ያንን የመንገድ ድንጋይ ከጎረቤቶቹ ጋር እንዳነጠፈው ነገረችው። አገሬው መሆኗን ባስረዳች ቁጥር ማለፍ የማትችልበትን ምክንያት በገዛ አፏ እያጠናከረች ነበር። አንዲት «አዎ» ታሳልፋት ነበር። እናቴ ግን ውሸት አታውቅበትም፤ ዞራ ጋራውን ወጣች፤ ከደረጃው አጋማሽ ላይም ተንሸራታ ወደቀች።

ያነሷት በአውቶቡሴ የሚሳፈሩ፣ ሆቴሉ ያረፉ ባልና ሚስት ናቸው። ካፖርታቸውን አልብሰው፣ እጇን ይዘው እርዳታ እስኪመጣ አብረዋት ቆዩ። ውለታቸው አለብኝ። በማግስቱ ሚስትዮዋ በቅን ልብ «ያን የመሰለ ሜዳ መንገድ እያለ ምን ወሰዳቸው ወደዚያ?» ብላ ጠየቀችኝ። አንገቴን ደፍቼ ሞተሩን አስነሣሁ። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ ይሉታል እንዲህ ያለውን አስተዳደር።

ክቡር ሆይ፣ ጨዋነቴን ለአፍታ ያስቀምጡልኝና አንድ ነገር ልናገር። ተቃጥያለሁ። በጉብዝናዋ ጊዜ ጋራ ለጋራ ትሮጥ የነበረች እናቴ ውኃ ለመጠጣት ቀና አድርጉኝ ስትል ስሰማ፣ አጥራችሁን ከነአበባው ነቅዬ ሐይቁ ውስጥ ብወረውረው ደስ ይለኛል። ጨዋነቴን መልሼ ወሰድኩ።

፬ኛውን የጽሕፈት ቤትዎ ጸሐፊ ጨርሳልኛለች። መንገዱ እንዲከፈትልን ልለምን ብመጣ በፈገግታ ተቀብላ፣ «ነዋሪዎችም እኮ ሆቴሉ ውስጥ ክፍል ከያዙ እንደ ማንኛውም ሰው ያልፋሉ፤ ኃላፊው ራሳቸው ናቸው ያሉት» አለችኝ። እንዲህ ያለ መፍትሔ ለእኛ አልታየንም ነበር። የተማረ ይግደለኝ ያለው ሰው ምኞቱ ሊሞላለት ትንሽ ቀርቶታል።

በሄዱበት ሁሉ ሜዳ ይግጠምዎ፣ በር ላይ የሚያቆም አይምጣብዎ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤ ዝቅ ማለት የምችለው የእኔ ወገብ ገና ስላልተሰበረ ነው።

ማርሽ
የአውቶቡስ ሾፌር፣ የወደቀችው ሴትዮ ልጅ

ግልባጭ፦
ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ
ለበሩ ጠባቂ (ወንድሜ፣ አንተን አልከሰስኩም)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ምክርዎን ተቀብለናል። ሐኪሙ በየሳምንቱ ፊዚዮቴራፒ እንዲደረግላት አዟል፣ ተሽከርካሪ ወንበር ደግሞ ደረጃ አይወጣም፤ ስለዚህ ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ጀርባ ያለውን ክፍል በስሟ ያዝን። ትናንት እየገፋኋት በሩ ላይ ስንደርስ ጠባቂው ያንኑ ጥያቄውን ጠየቃት። ጫማዋን እያየች ዝግ ባለ ድምፅ «አዎ ልጄ፣ እንግዳ ነኝ» አለችው። «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ወለል አድርጎ ከፈተልን። እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ፊቷን ወደ ሐይቁ አላዞረችም። በዓመታዊ ሪፖርትዎ የእንግዶቻችን ቁጥር በአንድ መጨመሩን ሲጽፉ፣ የነዋሪው በአንድ መቀነሱንም አብረው ይጻፉልን።