ዶክተር ግሌኒስ ራፈርቲና የፓስኮ ማሽን

ዶክተር ግሌኒስ ራፈርቲ ከአባታቸው ከአቶ ክላይቭ ራፈርቲና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዶሪን ሄይስ እ.ኤ.አ. በ1957 በኩዊንስላንድ፣ በባንዳበርግ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የስኳር ፋብሪካ መካኒክ ነበሩ። ለታላቅ ወንድማቸው ብስክሌት ተገዝቶ ለእርሳቸው ሳይገዛ ቢቀር፣ ከፋብሪካው ቁርጥራጭ ብረት የራሳቸውን ሠርተው ወንድማቸውን ቀደሙት። እናታቸው "ይቺን ልጅ የሚያሳድጋት ቅናት ነው" ይሉ ነበር፤ አልተሳሳቱም።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው አጠናቀው፣ ብሪዝበን ላይ በፊዚክስ በማዕረግ ተመረቁ። ከክፍል ጓደኛቸው ከዳግላስ ፓስኮ ጋር የተዋወቁትም እዚያ ነው። ዶክትሬታቸውን በ1984 ሲቀበሉ ፓስኮ በሁለት ወር ቀድመዋቸው ነበር፤ ይህን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱትም።

በ1986 ከመምህር ኪት ኖላን ጋር ትዳር መሥርተው፣ ይህን ታሪክ የጻፈችውን ልጃቸውን ብሮንዊንን ወልደዋል። በቤታቸው ገበታ የፓስኮ ስም ከጨው ቀድሞ ይቀርብ ነበር። አቶ ኪት ሲመርራቸው "ያገባሽው እኔን ነው እሱን?" ይሉ ነበር። "አንተን ነው፤ አንተ መቼ ታናድደኛለህ!" ይሏቸዋል። በዚህ መልስ ይደሰቱ ወይስ ይዘኑ፣ አቶ ኪት እስከ ዛሬ አልለዩም።

ፓስኮ ሲድኒ ላይ የኳንተም ኮምፒውተር መሥራት ሲጀምሩ፣ መንግሥት በጀቱን፣ ጋዜጣው የፊት ገጹን ሰጣቸው። ለዶክተር ግሌኒስ የደረሳቸው ተራ ኮምፒውተር ነው። ቅናት አንገበገባቸው። ፓስኮ "ማሽኔ የሠራውን ስሌት ተራ ኮምፒውተር በሺህ ዓመት አይጨርሰውም" ብለው ባወጁ ቁጥር፣ እርሳቸው ብልሃት ፈልገው፣ ያንኑ ስሌት በተራው ኮምፒውተር በሳምንት ጨርሰው ያሳትሙ ነበር። ፓስኮ አፍረው ማሽኑን ያሻሽላሉ፤ እርሳቸውም እንደገና ይደርሱባቸዋል። የሁለቱም ስም በዓለም የተጠራው በዚህ እልህ ነው።

ባለፈው ዓመት ዶክተር ግሌኒስ በጉበት ካንሰር ታመው ተኙ። ፓስኮ አዲስ ውጤት አግኝተው ነበር፤ ታማሚ ላለማስከፋት ግን ሊያቆዩት እንዳሰቡ አልጋቸው አጠገብ ተናገሩ። "አሳትመው! ማን ምጽዋት ለመነህ?" ብለው አባረሯቸው። ውጤቱ ታተመ። ዶክተር ግሌኒስ ኮምፒውተራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የሚያውቁትን ብልሃት ሁሉ ሞከሩ። አልቻሉም። በዚያ ቀን ምግብም አልቀመሱም። በማግስቱ ራሳቸው ለፓስኮ ስልክ ደወሉ። "ዱግ፣ ይኼኛው እውነት ነው፤ አልደረስኩበትም። ቅናቴ ግን አለቀቀኝም፤ እንዳትኮራ!" አሉ። ፓስኮ ስልኩ ላይ እንዳሉ አለቀሱ፤ "እንግዲህ የምሠራው ለማን ነው?" አሉ።

ዶክተር ግሌኒስ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2 ቀን 2024 በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከመሞታቸው በፊት፣ ሣጥናቸውን ከፊት አቶ ኪትና ፕሮፌሰር ፓስኮ እንዲሸከሙ አዘው ነበር። አቶ ኪት ቅር ብሏቸው "ደግሞ እሱ ለምን?" ሲሉ፣ "ዕድሜዬን ሙሉ ከፊቴ ነበር፤ አሁንም ይቅደም፤ ግን ተሸክሞኝ!" አሏቸው። አቶ ኪት ተስማሙ፤ የግራውን፣ ልብ ያለበትን በኩል ግን ለማንም አልለቀቁም።

ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ ታላቅ ወንድማቸውና ባላንጣቸው በሐዘን ላይ ናቸው። አምላክ ነፍሳቸውን፣ ማንም ማንንም በማይቀድምበት ስፍራ ያሳርፍልን።