የአለቷን ሴት ለሸፈኑልን ክቡር ኃላፊ

ለበረሃው የአለት ፍልፍል ቅርስ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ሳይቋረጥ እንዲሠራልዎ፣ ወንበርዎም እንዲመችዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ መጋረጃ ሰፍቼ የማድር ሴት ነኝ። ባለፈው ወር እናቴን ይዤ እርስዎ የሚያስተዳድሩትን ቅርስ ለማየት በረሃውን አቋርጬ ነበርና፣ ለተደረገልን መስተንግዶ ሳላመሰግን ቀርቼ ውለታ ቢስ እንዳልባል ይህን በአደባባይ ጽፌያለሁ።

አመጣጣችንን ላስረዳ። ሟቹ አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በዚያ በኩል ሲያልፍ አለቱ ተፈልፍሎ የተሠሩትን ክፍሎች ገብቶ ያያቸው ነበር፤ ከአንድ ሳሎን አይሰፉም፣ ግን ግድግዳው ላይ እንስራ በራሷ የተሸከመች ሴት ተቀርጻለች። እናቴን ዕድሜ ልኩን "አፍንጫዋ ቁርጥ ያንቺን!" ይላት ነበር። ሲኳረፉ እንኳ የሚታረቁት በዚህችው ሴት ነው። እናቴ "አንድ ቀን ወስደህ አሳየኝ" እንዳለች፣ እሱም "እሺ" እንዳለ ሞት ቀደመው። አሁን ደግሞ የእናቴ ዓይን እየከዳት ነው። ሐኪሙ ማየት የምትፈልገው ነገር ካለ እንዳትዘገይ ሲነግራት፣ ልጅ አላለች፣ የልጅ ልጅ አላለች፤ "ያቺን ሴትዮ አሳዩኝ" አለች።

እንግዲህ ምስጋናዬ የሚከተለው ነው፦

አንደኛ፣ ስለ መንገድ ምልክቱ። ሰሌዳው ዘንበል ብሎ ወድቆ ቀስቱ ወደ መሬት ያመለክታል። ያመጣን ሾፌር "እንቆፍር እንዴ?" ብሎናል። ጎብኚ በራሱ እንዲተማመን ስላስተማሩልን እግዚአብሔር ይስጥልን።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥላው። በሩ አጠገብ ያማረ መጠለያ ከነወንበሮቹ አይቼ እናቴን ላሳርፋት ስል፣ ጥበቃው "የክብር እንግዳ ቦታ ነው፤ ማዘር፣ ትንሽ ይታገሱ" አለን። የክብር እንግዳው መቼ እንደሚመጣ ብጠይቀው፣ ቦታው ለጎብኚ ከተመረቀበት ቀን ወዲህ ዝር ብሎ እንደማያውቅ በትሕትና አስረዳኝ። ስለዚህ ወንበሮቹ በጥላ፣ እናቴ በፀሐይ ተቀመጡ።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ቅርጹ በሰው እጅ እንዳይጎዳ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በሸራ ማስሸፈንዎን አልነቅፍም። ጎብኚው ቅር እንዳይለው ብለው የዚያኑ ግድግዳ ፎቶግራፍ በልኩ ሸራው ላይ ማሳተምዎም ለሰው አሳቢ መሆንዎን ያሳያል። አስጎብኚው እንዲያውም "ከኦሪጅናሉ ፎቶው ጥርት ይላል" ብሎናል። ነገር ግን፣ ክቡርነትዎ፣ ለሸራው የተመረጠው በምረቃው ዕለት የተነሱት ፎቶ ነው። ግድግዳው አለ፣ እንስራውም አለ፤ ከእንስራው ሥር፣ የሴትዮዋ ፊት መሆን በነበረበት ቦታ ያለው ግን የእርስዎ ፊት ነው። እንስራውን እርስዎ የተሸከሙ ይመስላሉ። ከሥራዎ ብዛት የተነሳ ከኋላዎ ማን እንዳለ ዞር ብለው ለማየት ጊዜ አላገኙም።

እናቴ ይህን በምን ታውቃለች? ተጠግታ፣ ዓይኗን አጥብባ ብዙ አየች። ከረባትዎን የአንገት ጌጥ መስሏት "ጌጡስ ያምራል" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ጢም አላት እኮ" አለችኝ፤ ቆይታም "አባትሽ ዕድሜ ልኩን ሲያሾፍብኝ ነው የኖረው" አለች። ሸራ መሆኑን፣ ሰውዬው ኃላፊ መሆኑን ምዬ ተገዝቼ ብነግራት፣ ላጽናናት የፈጠርኩት መስሏት አላምን አለች። እስቲ ልዳስሳት ብላ እጇን ስትዘረጋ ደግሞ አስጎብኚው "ማዘር፣ ቅርስ አይነካም!" ብሎ ከለከላት። ፎቶዎን ማለቱ ነው። የዚያን ሰዓት ስሜቴን ብዘረዝረው ጋዜጣው አያትመውም፤ ባጭሩ ግን ጠላሁዎ።

የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ሸራውን ያንሱልን። አይቼዋለሁ፣ በቀለበት የተንጠለጠለ ነው፤ ሙያዬ ስለሆነ ራሴ አውርጄ ራሴ እሰቅለዋለሁ። ለዚሁ ጉዳይ ቢሮዎ ብመላለስ "ሸራውን ማስነሳት የሚችሉት ኃላፊው ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው" ይሉኛል። እኔ ግን የት እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሴትዮዋ ፊት ቆመዋል።

ለሸራዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለጢምዎም ልምላሜ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳው፣

በወንበሮችዎ ፋንታ ፀሐይ የመታት እናት ልጅ፣
መጋረጃ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ደብዳቤ ጋዜጣው ላይ ለመውጣት ተራ ሲጠብቅ የእናቴ ዓይን ጨርሶ ጠፋ፤ ስለዚህ አይቸኩሉ። ጣቶቿ ግን የራሷን አፍንጫ አሳምረው ያውቁታልና፣ የአለቷን ሴት ዳስሳ እንድታውቃት ጥያቄዬ እንዳለ ነው። እስከዚያው ልታይ ብላ በረሃ ያቋረጠችለት የመጨረሻ ፊት የእርስዎ ሆኖ ቀርቷል፤ ለጠያቂዎቿም ምን እንደሚመስል ምንም ሳታስቀር ትነግራቸዋለች። ትናንት ከራስጌዋ የተሰቀለውን የአባቴን ፎቶ "አውርጂልኝ" አለችኝ። አወረድኩት። የእርስዎ አለቱ ላይ እንደተሰቀለ ነው።