ሙዚየማችን ዘንድሮ የለጠፈው ፎቶ

ይድረስ ለእህቴ ለዶርቴ፤ የግሪንላንድ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ በጣም ደህና ነን።

የሙዚየማችን የገና ማስታወቂያ ወጣ። ዘንድሮ የጥንቱ ቤት እመቤት ሆና ፎቶ የተነሳችው እኔ ሳልሆን ቲኬት ቆራጯ አስትሪድ ናት። አለቃችን «ቦዲል፣ እንዳትቀየሚ፣ ወጣቶችን መሳብ አለብን» አለኝ። እኔ ምን አገባኝ! ባሏ ሆኖ የተነሳው ግን ያው የኔው ባል ቪጎ ነው። ነሐሴ ላይ፣ በዚያ ሙቀት ሱፍ አልብሰው፣ ጥጥ እንደ በረዶ ነስንሰው ነው ያነሷቸው። «በላብ ተጠመቅን» እያለ እየሳቀ ገባ።

አሁን አውቶቡሱ ላይ ሳይቀር ተለጥፈዋል። ቀሚሱ የኔ ነው፤ ወገቡን አጥብበውላታል። ቪጎ ከኔ ጋር ሲነሳ ሁልጊዜ ካሜራውን ነበር የሚያየው። እዚህ ላይ የሚያየው እሷን ነው። «ፎቶ አንሺው እያት ብሎኝ ነው» አለኝ፤ ሳልጠይቀው።

ለገና ዳክዬ እጠብሳለሁ፤ ነይልኝ። ቪጎም ሰላም ብሎሻል፤ ማለቴ፣ ቤት ሲገባ ይልሻል።

እህትሽ ቦዲል